ተመስገን ስንት ነው?

ከበቡሽን ወገቧን ማመም ከጀመራት ቆይቷል። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሰው ስታነሳ ስታስተኛ የመጣባት ነው። ለማንም አትናገርም። እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ "ተመስገን" ነው መልሷ። እናቷም ሞት አፋፍ ላይ ሆና እንዲሁ ነበር የምትለው።

የጎረቤቷ ልጅ እምነት ኦስቲዮፓቲ የሚባለውን ሕክምና ትማራለች። መድኃኒትም ያዛሉ፣ በእጅም ያሻሉ አሉ።

"ወጌሻ ልትሆኚ ነው በይኛ" ስትላት፣ "ወጌሻም ዶክተርም" ብላ ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ መጣችና "እማማ፣ ለጥናቴ ይርዱኝ" አለቻት።

"እስከ ዛሬ ስታጠኚ አልነበረም እንዴ?"

"እሱ ለፈተና ነው። ይሄ ሪሰርች ነው። ትምህርት ቤታችን ብዙም አልለመደበትም፤ አሁን እጃችሁ እንደሚያድን በጥናት አሳዩ ተባልን።"

እምነት እንዳስረዳቻት፣ ወገባቸውን ከሚያማቸው ግማሾቹ ደህና ተደርገው ይታሻሉ፤ ግማሾቹን እጅ ጣል ያደርጉባቸዋል እንጂ አያሿቸውም። የትኛው ለማን እንደደረሰ በሽተኛውም ጠያቂዋ እምነትም አያውቁም፤ እሷ የሕመማቸውን መጠን በቁጥር ትጠይቃለች እንጂ። ይሄ ለከበቡሽ አልገባትም። ልጅ ሳለች ሆሳዕና ከተማ የወለቀ ትከሻዋን የመለሰላት ወጌሻ የሚሠራውን ያውቅ ነበር። ፊት ፊቷን ያይ ነበር እንጂ ቁጥር አልጠየቃትም።

ቀጠሮዋ ደርሶ ሄደች።

"ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?" አለቻት እምነት።

"ተመስገን።"

"ተመስገን ስንት ነው፣ እማማ?"

"ምንም አይል ማለት ነዋ።"

እምነት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከቸርች የመጡት ሁሉ እንዲህ ነው ያሉኝ። ዜሮ ብዬ ብጽፍ ከዜሮ ወዴት ይወርዳል? አስተማሪዬ ጤነኛ ሰብስበሽ መጣሽ አለኝ። እርስዎም እንዲህ ካሉኝ ጥናቴ ቀረ።"

ከበቡሽን ጨነቃት። ቁጥር መጥራት ጌታ ላይ ማጉረምረም መሰላት። ልጅቷን ግን ሕፃን ሳለች በዚሁ ወገብ አዝላታለች።

"ስምንት" አለች፣ ቀስ ብላ።

እምነት ወጣችና ሌላ ተማሪ ገብቶ ወገቧ ላይ እጁን አሳረፈ። እጁ ይሞቃል።

በሌላ ሳምንት እምነት ደግማ ጠየቀቻት። ከበቡሽ ወገቧን ዳበስ አደረገች፤ ያው ነው። ሁለት ብላ ልጅቷን ልታስደስት አሰበች። እምነት ግን እንደዚያ ወጌሻ ፊቷን እያየች ነው።

"ስምንት።"

እምነት ጻፈችና "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለች ከልቧ።

"አልተሻለኝም እኮ አልኩሽ፣ ልጄ።"

"ሰማሁ። ለዚሁ ነው፤ እንዳለ ስለነገሩኝ።"

ከበቡሽ አውቶቡስ ላይ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። አልዳንኩም ላለ ሰው ምስጋና?

ሌላዋ ጎረቤቷ ማህፉዛ መንገድ ላይ ተሳፈረችና አጠገቧ ተቀመጠች። "እንዴት ዋልሽ?"

"ስም..." ብላ ጀመረች ከበቡሽ። ተመስገን ይሁን ስምንት፣ የትኛው ይባል እንደነበር ጠፋባት።