እግር የሚታይበት ፎቶ

ወዳጄ ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ካሜራ ከገዛሁ ገና ዓመት ባይሞላኝም ራሴን ከእሱ አላሳንስም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌውን የፈቃድ ወረቀት ኪሳችን ከተን ከተማዋን በእግራችን እንዞራለን። እኔ ዓይኔ የገባውን ሁሉ አነሳለሁ። እሱ ግን ሰላምታ ሰጥቶ «ለማን ነው የሚላከው?» ሳይል ካሜራውን አያነሳም። ምን አገባው እያልኩ በሆዴ እበግን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከግንቡ አጥር ሥር አንድ ወጣት ፎቶ አንሱኝ ብሎ አስቆመን። ወታደር ነው፤ ከሆስፒታል ወጥቶ በማግስቱ ወደ ግንባር ይመለሳል። ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን አማለለኝ። ወዳጄ አፉን ሳይከፍት ተጠግቼ ፊቱን ብቻ አነሳሁ። የፊልሜ መጨረሻ ነበረች።

«እግሬንም አነሳኸው?» አለኝ።

«ፊትህን ነው። ሸጋ ሆነህ ትወጣለህ።»

«ምነው እግሬን ተውኸው?»

አዲ አርቃይ ያለች እናቱ እግሩ ተቆርጧል የሚል ወሬ ደርሷታል። ደብዳቤ ቢልክላትም ሊያጽናናኝ ነው ብላ አላመነችም። ሰኞ ወደዚያ የሚወርድ ሾፌር ፎቶውን ሊያደርስለት ቃል ገብቷል። አፈርኩ።

ለወዳጄም ከፊልሙ የቀረችው አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች። ዝናቡ ሲያባራ ግንቡ ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ ሊያነሳባት ሳምንቱን ሙሉ ቆጥቧታል፤ ሌላ ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ጭቃው ላይ ተንበረከከና አነጣጠረ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ምነው አያ፣ ከስክሱ አዲስ ነው እኮ።»

«እናት ናት። ውስጡ እንጨት ነው ትላለች።»

ወታደሩ ቁጭ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ባዶ እግሩን ጭቃው ላይ ተክሎ ቆመ። ፎቶው እንቅስቃሴ የሚያሳይ ይመስል ጣቶቹን ያፍተለትላል። ወዳጄን የዚያን ዕለት ያህል አክብሬው አላውቅም፤ ቀናሁበትም። ከስክሱን ታቅፌ፣ ጥላዬ እግሩ ላይ እንዳያርፍ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ።