የሺዓለም የሰፋችው መፈክር

የሺዓለምን የፒያሳ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በልብስ ስፌቷና በጥላ ፍለጋዋ። ጠዋት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ሱቋ ስትወጣ በመንገዱ አንዱ ጥግ፣ ከሰዓት ስትመለስ በሌላው ጥግ፤ ጥላ ወዳለበት ወዳለበት። የአራዳ ልጅ ደግሞ አፉ መች ያርፋል፣ «የሺዓለም ተሻገረች፣ ምሳ ሰዓት አልፏል» ይላል። እሷም «ሰዓት መግዣ ካጣችሁ ምን ላድርጋችሁ» ብላ ታልፈዋለች።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ለምጥ ፊቷንም አንገቷንም እጆቿንም ዥንጉርጉር አድርጎታል። ሐኪሙ «ነጩ ቦታ ፀሐይ የሚመክትበት የለውም፣ ተጠንቀቂ» ካላት ወዲህ፣ ዚንክ የሚሉትን ነጭ ቅባት ሳትቀባ ከደጅ አትወጣም። በላዩ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጃንጥላ። ቅባቱ ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ በዚያ ዘመን ደግሞ የማይጠፋ ምን ነበር፣ ሱቋን ዘግታ ቤቷ ትውላለች።

ታዲያ የአብዮት በዓል የሚሉት ጣጣ መጣ። አምና ጃንጥላዋን ተቀምታ አደባባይ ላይ ፀሐይ ሲመታት ውላ፣ አንገቷ ውሃ ቋጥሮ ማዞር አቅቷት ከርማለች። መቅረት ደግሞ አይታሰብም፤ የቀረ ሰው «ምን አስቦ ነው?» ይባላል፣ ለዚያ ጥያቄ የሚበጅ መልስ ያገኘ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮም የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ዓለምወርቅ በስብሰባው ላይ ቁርጡን ተናገረች። «ጃንጥላ የለም፣ ነጠላ መከናነብም የለም። የባላባት ሚስት ይመስል።»

የሺዓለም ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔን ፀሐይ ታቃጥለኛለች።»

«ፀሐይ ሁላችንንም ታቃጥላለች» አለቻት፤ አዳራሹ ሳቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ የቀበሌውን ጨርቅ ሁሉ የምትሰፋው ማን ሆነና።

«መልካም፣ ጃንጥላው ይቅርብኝ። ግን የአምናው መፈክራችን ጠባብ ነበር። መድረክ ላይ ያሉት ትላልቅ ሰዎች ከላይ ሆነው ምኑን ያነቡታል? ዘንድሮ ሰፋ አድርጌ ልስፋውና፣ በአራት ዘንግ ከራሳችን በላይ ይዘርጋ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ። ይህን ያሰበ ሌላ ቀበሌ የለም።»

የዓለምወርቅ ዓይን በራ። ለትላልቅ ሰዎች ዓይን ሲባል ምን የማይደረግ ነበር! ጨርቁ ወዲያው ተፈቀደ።

የሺዓለም ቀዩን አቡጀዲ ደርባ ሰፋችው። አብራት የምትሰለፈው ጎረቤቷ አልጋነሽ «ድርቡ ለምንድን ነው?» ብትላት፣ «ነፋስ እንዳይቀደው» አለቻት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ። በበዓሉ ጠዋት ቅባቷን ግጥም አድርጋ ተቀባችና «ጨርቁ እንዳይረግብ መሃሉን እኔ እደግፋለሁ» ብላ ከመፈክሩ ሥር ገባች። ሰማዩ ጥርት አለ። አደባባዩ እንደ ምጣድ ሲግል የሺዓለም በጥላ ቆማለች። መጀመሪያ አልጋነሽ ተጠጋች፣ ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር፤ ቀስ በቀስ ግማሹ ሰልፍ ሥሩ ተሰበሰበ። ከመድረኩም በድምፅ ማጉያ የቀበሌያቸው ስም ተጠርቶ «ድንቅ መፈክር» ተባለላቸው። እሰይ! የሺዓለም ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

ይኼኔ ከፊት ስትመራ የቆየችው ዓለምወርቅ አናቷን ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና መጣች። ከመፈክሩ ሥር የታጨቁትን ሴቶች አየች። ከዚያ የየሺዓለምን አንገት አየች፤ ምንም አልሆነም።

«ጓድ የሺዓለም፣ ይሄ እኮ ጃንጥላ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የሺዓለም እጇን ከጨርቁ ላይ አላወረደችም።

«መፈክር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይጠጉ፣ ቦታ አለ።»

ዓለምወርቅ ግራ ቀኟን ቃኘች። ከዚያ አጎንብሳ ገባች።