የማናጀሩ ከዘራ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ማንጎ በሚደርስበት ወራት ነው። ሰው ቶሎ አላምንም። ሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር ፍራፍሬ ስሸጥ ስንቱን አይቻለሁ! እንደ ጋሽ ተፈራ የጠረጠርኩት ሰው ግን የለም፤ ዛሬም ሳስበው ሳቅም ንዴትም ይመጣብኛል።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሽንኩርት ጫኝ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጆንያ አውርዶ ሲያርፍ፣ ከዘራ የያዘ፣ ጆሮው የተጨማደደ ሽማግሌ ቀርቦ ትከሻውን ይዳብስ ጀመር። በሬ የሚገዛ ነው የሚመስለው። "ፓስፖርት አለህ?" ሲለው ሰማሁ።

በቃ፣ ደላላ ነው አልኩ። የአክስታችንን ልጅ እንዲሁ አንድ አፈ ጮሌ በአፋር በረሃ ይዞት ሄዶ፣ እስከ ዛሬ ይሙት ይኑር አናውቅም።

ሰውየው ተፈራ እባላለሁ፣ የነፃ ትግል ማናጀር ነኝ አለ። ሰይድን ደብረ ሲና ወስዶ ሊያሠለጥነው፣ ከዚያ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ትርኢት ሊያሳዩ።

"ምንድን ነው የሚያሠለጥኑት?" አልኩት።

"መጀመሪያ መውደቅ።"

ያ አላህ! መውደቅ ደግሞ ትምህርት ሆነ? ዳገቱን ወደ ደብረ ሲና ይውጡ፣ ቁልቁል ወደ አፋር ይውረዱ በምን አውቃለሁ? ሰይድ ግን ቪዲዮ ቤት ነፃ ትግል ሲያይ ያደገ ነው፤ ልቡ ሸፍቷል። "እትዬ፣ ዕድሌን አትዝጊብኝ" እያለ እህል አልቀምስ አለኝ።

ሰውየው "እንግዲያው ሥራዬን አይተሽ ወስኚ" ብሎ ኳስ ሜዳው ላይ ትርኢት አዘጋጀ። ከፊት ቆምኩ። ሰይድን ከአንድ ግዙፍ ታጋይ ጋር አገናኙት። ሰውየው ለወንድሜ ይቆማል ስል፣ ከግዙፉ ጎን ሆኖ ማይክ ያዘ።

"ሮቢቶች! ሙቀቱ ወንዶቻችሁን አቅልጦ ጨረሳቸው እንዴ?"

ሜዳው በስድብና በፉጨት ተናወጠ። ሰይድ ሊያሸንፍ ሲል፣ ዳኛው ዞር ባለበት ሰውየው ከኋላ መጥቶ ከዘራውን አቀመሰው። ወንድሜ ተዘረረ።

ዓይኔ ጨለመ። ዘልዬ ገባሁ፣ ከዘራውን ነጥቄ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። "አንተ ሌባ! ወንድሜን ልትሸጥ!" ሰውየው ተንከባሎ ወደቀ። ሕዝቡ በጭብጨባ ቀለጠ። ልደግመው ስጠጋ ቀስ ብሎ፣ "ጎሽ እህቴ፣ ድገሚኝ! ወደውታል" አይለኝ መሰላችሁ!

ክው አልኩ። ሰይድ እንደተዘረረ በአንድ ዓይኑ እያየኝ ሳቁን ይታገላል፤ ለካ ሁሉም የተመካከሩበት ጨዋታ ነው።

በኋላ ሰውየው ትከሻው አብጦ ፍራፍሬዬ ጋ መጣ። "የማናጀር ሥራ መጠላት ነው" አለኝ። "እኔ ስጠላ ልጁ ይወደዳል። እንዳንቺ ከልቡ የጠላኝ ሰው ግን አላየሁም።" ፓስፖርት የጠየቀውም ጎረቤት አገር ለትርኢት ሲጠሩ ስለሚያስፈልግ ነው አለ።

አፈርኩ፤ አውፍ በሉኝ አልኩ። ግን ወላሂ፣ ጥርጣሬዬ አልወጣልኝም። እንዲህ አድርጎ ክፉ መምሰል የሚችል ሰው፣ ደግ መምሰልስ ያቅተዋል?

ዕድሉን መዝጋት አልሆነልኝም፤ ሰይድ ሄደ። ከደብረ ሲና እየደወለ ብርዱን ያማርራል፤ እኔ ድምፁን እስክሰማ እንጀራ አይወርድልኝም። ጋሽ ተፈራም ስልኩን ይቀበሉና፣ "ከዘራዬን ላኪልኝ እንጂ፣ ያለሱ ሰው አልጠላ አለኝ እኮ" ይሉኛል።

ከዘራው ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤቴ በር ኋላ ቆሟል። ማንንም አላስነካም።

"ወንድሜን ይዘውልኝ ይምጡና ይውሰዱት" እላቸዋለሁ።