የዝቅተኛው ተራ

ስለ ወረዳ ሠራተኛ ሕዝቡ የሚለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሻይ ሲጠጡ ይውላሉ፣ ነገ ና ይላሉ፣ ፋይል ጠፋ ይላሉ። አብዛኛው እውነት ስለሆነ አልከራከርም። የእኔ ጥፋት ግን ባለጉዳይ ላይ የተሠራ አይደለም። እዚያው ክፍላችን ውስጥ፣ ከጎኔ በምትቀመጥ ሰው ላይ የተሠራ ነው።

ቂርቆስ አካባቢ በሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አምስት ነበርን። በዕድሜ የሚበልጡን የሠራተኛውን ሁሉ የግል ማህደር የሚይዙት ሴትዮ ነበሩ። የካቢኔቱን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስሩታል። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ፤ ሌላውም ከእኔ ሰምቶ እትዬ አላቸው። ገና ስቀጠር ደብዳቤ ማርቀቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስሳሳት "ይሄን በእግርህ ነው የጻፍከው?" ብለው ይቆጡኝና አጠገቤ ቁጭ ብለው ያርሙልኛል።

በስድስት ሰዓት ተኩል ማንም አያገኛቸውም። ባለቤታቸው ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በምሳ ሰዓት ሄደው ያጎርሷቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል፣ ሲሮጡ ይመለሳሉ። አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። እኔ ምንም የሚያስሮጠኝ የሌለ ሰው ግን በሳምንት ሁለት ቀን አረፍድ ነበር።

በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንሞላለን። መጀመሪያ ሰሞን ለአምስታችንም እኩል ነጥብ ሞልተን ላክን። ኃላፊው ቅጾቹን ጠረጴዛችን ላይ ወረወራቸው። "ሁሉም እኩል ከሆነ አልተመዛዘናችሁም ማለት ነው። አንድ ከፍተኛ፣ አንድ ዝቅተኛ መኖር አለበት" አለን። ምሳ ሰዓት አራታችን ካዛንቺስ አንዲት ሽሮ ቤት ቁጭ ብለን ተማከርን፤ ከምሳ ስንመለስ ለእትዬም ነገርናቸው። መላው እንደ ዕቁብ በተራ መውሰድ ሆነ። ከፍተኛው በተራ ይዞራል፣ ዝቅተኛውም በተራ ይዞራል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። እትዬ ሰማያዊ ሽፋን ባላት ትንሽ ደብተር ተራውን ጻፉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዝቅተኛ ነጥብ ያን ጊዜ ለዕድገት የሚወዳደርን ካልሆነ በቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። እውነቱን ለመናገር ኮርተንበታል። ከበላይ አካል ይልቅ እኛ የተሻልን ፍትሐውያን መስለን ታይተን ነበር፣ ለራሳችን።

ከዓመታት በኋላ የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነና ማስታወቂያ ወጣ። መወዳደር ፈለግሁ። ችግሩ የዚያ ግማሽ ዓመት ዝቅተኛ ተራ የእኔ መሆኑ ነው። ፋይል ሲደረድሩ ቀርቤ "እትዬ፣ ዘንድሮን ይቀይሩኝ፤ የሚመጣውን የእርስዎን እኔ እወስዳለሁ" አልኳቸው።

"ለሹመት ቸኩለሃል" አሉና ሳቁብኝ። ከዚያ ደብተሩን አውጥተው ሰጡኝ። "በራስህ እጅ ሰርዘህ ጻፈው። ኋላ አሮጊቷ አታለለችኝ እንዳትል።"

ስሜን ሰርዤ በላዩ የእሳቸውን ጻፍኩ። ቅጹ ሲመጣ "በተሰጠኝ ውጤት ተስማምቻለሁ" በሚለው ሥር ሳያዩት ፈረሙ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንፈርመው።

የቡድን መሪው ውድድር ታገደ። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ አዲስ መዋቅር መጣ። ከላይ የወረደው ወረቀት ክፍላችን ከአምስት ሰው ወደ አራት እንዲቀንስ ያዛል። ትምህርትም፣ ልምድም፣ ፈተናም ታይቶ፣ የአንዱን ልምድ የሌላው ዲግሪ አካክሶት ተቀራረብን። የለየን የመጨረሻው ግማሽ ዓመት ነጥብ ነው። ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን ኮሪደሩ በሰው ታፍኖ ነበር። የእኔ ስም አራተኛ ሆኖ ወጣ። የእትዬ ስም ሌላ ወረቀት ላይ፣ ቦታ ያላገኙት ዘንድ ነበር። እኛ ቢሮ እንደ እሳቸው ቦታ ያጣውን ሰው "ተንሳፋፊ" እንለዋለን። ስንት ሰው በዚያ ቃል ጠርቻለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አፌ ውስጥ መረረኝ። ክፍት መደብ የተገኘላቸው ከከተማው ዳርቻ፣ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ከሚያስይዝ ወረዳ ነው። ከዚያ ሆኖ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ደርሶ ሰው ማጉረስ አይታሰብም።

እትዬ ቅሬታ አስገቡ። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሦስት አባላትና አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ አለው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። በዚህ ጉዳይ ልቀመጥ አይገባኝም ብዬ መነሳት እችል ነበር። ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጹን ገልብጦ አየና ጠየቃቸው። "እማማ፣ ውጤትዎ ዘንድሮ ለምን ወረደ? ደግሞ ተስማምቻለሁ ብለው ፈርመውበታል።"

እትዬ ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ፤ ሰብሳቢው እንኳ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እጃቸውን ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ። ደብተሩ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ለማወቅ ፊቴ የተዘረጋውን ቃለ ጉባኤ ማየት ብቻ ይበቃል።

መነጽራቸውን አወጡ። በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው ዓይናቸው ላይ አደረጉና ቅጹን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

"ፈርሜያለሁ" አሉ።

እኔም "ቅሬታ አቅራቢዋ በቂ ምክንያት ማቅረብ ባለመቻላቸው" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር መቀመር ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ።

ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው። "እትዬ፣ ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው የማፍርበት ጥያቄ ነው።

"ብናገር አምስታችንም ዲሲፕሊን እንቀርባለን። ያቺ ልጅ ገና ዓመት አልሞላት፣ በምን ዕዳዋ?" አሉ። ልጅቷ ያሏት በለቀቀ ሰው ቦታ መጨረሻ የተቀጠረችውን ባልደረባችንን ነው። "አንተ ግን ተራው የራስህ መሆኑን ታውቃለህ፤ ምክንያቱን ሳትናገር ቦታውን ልትለቅልኝ ትችል ነበር። እኔ ስጠብቅ የነበረው አንተን ነው።"

ሰዓቱ ስድስት ተኩል አልፎ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ፈጠኑ። እኔ እግሬ ወደመራኝ ሄድኩ፤ ካዛንቺስ ደርሼ ሽሮ ቤቷን ስፈልግ መፍረሷ ትዝ አለኝ። ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ሣር ተተክሎበታል። አዲሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያ ለሰባት ተኩሉ የከሰዓት መግቢያ ፊርማ እንዳልዘገይ ተነስቼ ተመለስኩ።

እትዬ አዲሱ ወረዳ አንድ ወር እንኳ አልሞሉም። ለጡረታ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው በፈቃዳቸው ለቀቁ። ማህደራቸው ገና እኛ ጋ ስለነበር መልቀቂያቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሊወስዱ በመጡ ጊዜ ርክክቡ ስላላለቀ ይዘውት የቆዩትን የካቢኔቱን ቁልፍ ከአንገታቸው ፈትተው አስረከቡኝ፤ አስከትለው ሰማያዊዋን ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ይቺ መዝገብ ቤት አትገባም፣ አንተ ጋ ትሁን" አሉኝ። "የሚመጣው ከፍተኛ ተራ የእኔ ነበር። ለልጅቷ ይሁንላት።"

"እሺ እትዬ" አልኩ።

ግማሽ ዓመቱ አልቆ ምዘና ደረሰ። አራታችን በር ዘግተን ተቀመጥን። ስለ ተራ ማንም አላነሳም፤ ሌላ መዋቅር ይመጣል የሚል ወሬ ስለነበረ ሁሉም ወንበሩን ጨብጧል። ደብተሩ ጉልበቴ አጠገብ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ዝቅተኛውን ለልጅቷ ሰጠናት፤ አዲስ ናት ተባለ።

"ያው ፎርማሊቲ ነው አይደል? በቃ የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለች እየሳቀች።

ቦታውን በጣቴ አሳየኋት። ሳታነብ ፈረመች። ቅጹን ተቀብዬ፣ ካቢኔቱን በእትዬ ቁልፍ ከፍቼ፣ ማህደሯ ውስጥ አስገባሁት።