ደም በሙቅ ውሃ አይታጠብም

እትዬ ጽዱ ይሏታል። የሆቴል አንሶላ ሃያ ስድስት ዓመት ስታጥብ የወጣላት ስም ነው፤ የወይን ጠጅም ሆነ የሊፕስቲክ እድፍ ከእጇ አያመልጥም። የራሷን ጉድ ግን ሸሽጋ ከረመች። ከመቀመጫዋ ደም ሲመጣ ኪንታሮት ነው ብላ ሰባት ወር ዋጠችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ላውንደሪውን ሙሉ ስትመክር የኖረች ሴትዮ!

ልጇ እየጎተተች ሐኪም ቤት ስትወስዳት የፊንጢጣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የአንጀቷን ግድግዳ አልፎ የወጣ። ቀዶ ሐኪሟ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። እጢውን ካወጣች በኋላ፣ ሆዷን ከመስፋቷ በፊት፣ የሞቀ የካንሰር መድኃኒት ለአንድ ሰዓት ተኩል ሆዷ ውስጥ እያዘዋወረች እንደምታጥበው ነገረቻት። ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ቢቀር መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ነው።

እትዬ ጽዱ ቦርሳዋን አንሥታ ብድግ አለች።

«ደም በሙቅ ውሃ አይታጠብም» አለች። «ሙቅ ሲነካው ነክሶ ይይዛል። ከዚያ በኋላ እኔም አላስለቅቀውም።»

ልጇ በእፍረት ወለሉን አየች። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ ሥራዋን ጠይቃ ነገሩ ሲገባት ወንበሯን ሳበችና ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሙቀቱ መድኃኒቱ ጠልቆ እንዲሠራ ያግዛል። ካንሰሩ ይመለሳል አይመለስም ብላ መማል አትችልም፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው ገና ይከራከሩበታል። ለእሷ ግን መሞከሩ ይሻላል ባይ ናት።

እትዬ ጽዱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ስንት ዲግሪ ነው?

«አርባ ሁለት።»

«እሱማ ለብ ያለ የሱፍ ልብስ ማጠቢያ ነው» አለችና ተመልሳ ቁጭ አለች። «ምነው ዶክተር፣ ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

ቀዶ ጥገናው ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ሦስት ወር ሆዷ ላይ የሰገራ ከረጢት አንጠልጥላ ከረመች፣ ከሳች፣ በሰው ፊት እየቀለደች ብቻዋን አለቀሰች። ሥራዋን እንደ ምንም ብትጀምርም ስለ ከርሞ ማውራት ትታ ነበር። ስለ መጪው ዓመት ከተነሣ ትነሣና ትሄዳለች፤ ፈርታለች።

ከቀዶ ጥገናው ሁለት ዓመት የሞላት ዕለት ሐኪሟ የሆዷን የምርመራ ፊልም ደጋግማ አየች። ምንም የለም፤ ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ አለቻትና ወረቀት ጻፈችላት። እትዬ ጽዱ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደር ላይ ልጇ ትከሻ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች። ልጅቷ እናቷ ክፉ የሰማች መስሏት ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ቀጠሮ ሰጡኝ» አለች እናት። «ለሚሞት ሰው ቀጠሮ አይሰጥም፣ ልጄ።»