ሳልጽፈው የቀረሁት ድብደባ

በኢሕአዴግ ዘመን ቡታጅራ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ማመልከቻ እጽፍ ነበር። የጽሕፈት መኪናዬ ብታረጅም ጽሑፌ የተመሰገነ ነው፤ ይህንንም ከማንም በፊት የማወራው እኔው ራሴ ነበርኩ። ለፍቺ የሚመጡ ሴቶች ስለ ድብደባ ሲነግሩኝ አልጽፈውም። «በጠባይ ባለመጣጣም» ብዬ አልፈዋለሁ። ነገ ሽማግሌ ፊት ሲነበብ ቤተሰቧ እንዳያፍር፣ ገበናዋን የሸፈንኩላት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ያዘለች ወጣት መጣች። ባሏ የእንሴኖ ሰው ሲሆን ጅዳ ይሠራል። እሷም እዚያው አብራው ስትኖር ዱላው ሲበዛባት ልጇን ይዛ አምልጣ መምጣቷ ነው። ፍቺውን አይደለም አጥብቃ የፈለገችው፤ ልጇን እንዳይነጥቋት ነው። ከቦርሳዋ የዐረብኛ ወረቀት አወጣች።

«ጋሼ፣ የጅዳ ሐኪም የጻፈው ነው። ክንዴን እንደሰበረኝ ይላል።»

«እህቴ፣ የሰው አገር ወረቀት እዚህ ምን ያደርግልሻል? ለልጅሽም ስም ጥሩ አይደለም» አልኳት።

አጥፋ መለሰችው። አስተርጉሚው ማለት እኮ ቀላል ነበር፤ ከተማው ዐረብኛ በሚያነብ ሰው ሞልቶ።

በቀጠሮው ቀን ባልየው ወንድሙን በውክልና ላከ። ወንድምየውም እናቲቱ ቤትም ሥራም የላትም፣ ልጅቷ እንሴኖ አያቷ ዘንድ ትደግ ሲል ተከራከረ። ይሄኔ ድብደባውን ተናገረች። ዳኛው ማመልከቻውን አገላበጡና፣

«ይህ እዚህ የታለ? ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ?» አሏት።

ወረቀቱን ብታወጣም ያልተተረጎመ አንቀበልም ተባለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ተነስቼ «ነግራኛለች፤ የተውኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ደንበኞቼ ቢሰሙስ ብዬ ፈራሁና ጫማዬን እያየሁ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ልጅቷ ለአያቷ ተሰጠች።

በሳምንቱ ዳሴ ድረስ መጣች። ጀርባዋ ባዶ ነበር። ልትሰድበኝ መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በደንብ ሳላስረዳዎት ቀርቼ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። «ደክመውልኛል፣ አላህ ይስጥልኝ።»

እኔም «አይዞሽ» ብዬ ሸኘኋት።