ያብለጨለጨው ጊታር ዋጋ

የሠፈሩ ሰው ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ «ቫርኒሽ» ነው የሚለው። አናጢ ነው፣ ያውም እጁ የተባረከ አናጢ። አንድ አመል ግን አለበት፤ ሳያብለጨልጭ ከእጁ የሚወጣ ነገር የለም። አንዲት ጎረቤቱ የተሰበረ የመጥበሻ እጀታ እንዲጠግንላቸው ሰጥተውት፣ እጀታው እንደ መስተዋት ሆኖ ሲመለስላቸው «አሁን ልጥበስበት ወይስ ፀጉሬን ላበጥርበት?» ብለውታል።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ጊታር ሲጫወት ኖሯል። ጊታሩ ክሩ ብረት ነው። የግራ እጁ ጣቶች ደግሞ ከመዶሻና ከመጋዝ ጋር ሲታገሉ ኖረው አሁን ብረቱን መጫን አቃታቸው። አንድ ቀን ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ውስጥ ለስላሳ የናይለን ክር ያለው ጊታር አየና ልቡ እዚያው ቀረ። «አሮጌውን አምጥተው መለወጥ ይችላሉ፤ ዋጋው ከደረሰ ምንም አይጨምሩም» አለችው ባለሱቋ። የሚጨምረው ገንዘብም አልነበረውም። አሮጌው ዋጋ ካላወጣ ጊታር መጫወት ሊቀርበት ነው።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቤቱ ገባና ጊታሩን አገላብጦ አየው። ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጧል፤ ከቀዳዳው ሥር ጥፍሩ የጫረው ሁሉ ይታያል። አፈረበት። ክሮቹን ፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ደራረበበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ አስመሰልከው እኮ!» አለች ሚስቱ። እሱም በጣም ደስ አለው።

ቫርኒሹ ሲደርቅ ክሮቹን መልሶ አሰረና ወሰደው። ባለሱቋ ጊታሩን ከሳጥኑ ስታወጣ ፊቷ ተለወጠ። እንጨቱን በጣቷ አንኳኳችው፤ ክሩን መታች። ከዚያ ከመደርደሪያው ዓይነቱ ያው የሆነ፣ ተጫጭሮ ያረጀ ጊታር አውርዳ መታችው። የዚያ ድምፅ ሱቁን ሞላው። የእሱ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ማን ነው ይኼን ቫርኒሽ የቀባው?»

ሊዋሽ ዳድቶት ነበር።

«እኔ ነኝ ልጄ። ጭረቱ ዋጋ እንዳያወርድብኝ ብዬ።»

«ጭረቱማ ምንም አይቀንስብዎትም ነበር። ሰው ወዶት የኖረ ጊታር መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሳይነኩት ቢያመጡልኝ እኩል በእኩል እለውጥዎት ነበር። አሁን ግን እንጨቱ ታፍኗል፤ ከግማሽ በላይ አያወጣም።»

ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኼ ነው። ሊቆጣት ፈለገ፤ የሚቆጣበት ግን አጣ። እሱ ራሱ ጥሩ ወንበር በቀለም ደፍነው ሲያመጡለት «እንጨቱን ገደላችሁት» ብሎ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ነው። ፍርዷ ትክክል ነበር፤ የከፋውም ለዚህ ነው። የሠላሳ ዓመት ኑሮውን እንደ ነውር ሸፍኖ መጥቷል።

ያንኑ ጊታር ተሸክሞ ሲገባ ሚስቱ ደነገጠች።

«ምነው? አጭበረበረችህ እንዴ?»

«ኧረ እሷስ እውነቱን ነው የነገረችኝ።» ተቀመጠና የደነዘዙ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «የእጄን ነው ያገኘሁት።»

ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠችና ግራ እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታሻቸው ጀመር።